የጎደለው ፈረሰኛ

ከዋሸሁ የዛሬ እራቴ አይዋጥልኝ፤ ይህ የሆነ ነገር ነው።

ትርንጎ ስኪዞፍሬኒያ የሚሉትን፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም ታማ፣ ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። ሐኪሙ፣ «ሕመሙ ሥራን በቅደም ተከተል የሚያስኬደውን የአንጎል ክፍል ያደክመዋል» ብሎ ነበር። የባሏ እህት እትዬ ውድነሽ ይህን ሰምታ የትርንጎን ልጅ ቤቷ ወሰደቻት። ለፋሲካ ዋዜማ ግን ልጅቷን አስከትላ መጣችና፣

«በይ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አውጪ፤ ካልተሳሳትሽ ልጅሽ ያንቺ ናት» አለቻት።

ትርንጎ አንድ በአንድ አወጣች። እትዬ ውድነሽ ሳህኑን ተቀብላ ቆጠረች።

«አሥራ አንድ! ፈረሰኛው የታለ? አላልኩም?»

ያኔ አንድ ድምፅ ለትርንጎ በጆሮዋ፣ «ነጠላዋን አስወልቂያት» አላት።

«ውይ እትዬ፣ ላብሽ እኮ ተንቆረቆረ! እስቲ ነጠላሽን ልቀበልሽ» ብላ ሳብ ስታደርገው ፈረሰኛው ዱብ አለ።

«እኔ እኮ ድመት እንዳይበላው ብዬ ነው!»

«እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ልጄን ተይልኝ።»

ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት ድምፁን ብቻ ነው። ትርንጎ መድኃኒቷን ከጀመረች ወዲህ ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ እትዬ ውድነሽ ፈረሰኛውን ስትሸጉጥ በዓይኗ አይታ፣ ቆጥራ እስክትጨርስ ነው የጠበቀቻት።