ከዲስኩ ሥር የተጮኸው

ሐጂ ኢሳ ወደ ሚስቴ ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ይሏታል። እመቤት በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ ታየኝና ራሷን ትነቀንቃለች። የዳሱ መግቢያ ላይ መቆሜን ሲያውቁ ሁለቱም ዝም።

ይኸው ነው እንግዲህ። እኔ ስገባ ወሬ ይቆማል፤ እኔ ስወጣ ሳቅ ይነሳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ጠርጥሬም ከመመንጠር የምድን አይመስለኝም።

ዳሱ ሥር አራት ሆነው ተቀምጠዋል። የትራክተሩ ባለቤት ሐጂ ኢሳ፣ ሚስቴ፣ መካኒኩ ለይኩን፣ ከጎጃም ለሰሊጥ ሥራ የመጣው ደሴ። የደሴ ግራ እግር በፋሻ ተጠቅልሏል። ያቆሰልሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ ትናንት ነው። ክረምት ሲገባ የመተማ ጥቁር አፈር ትራክተሩ ከኋላው በሚጎትተው ማረሻ፣ በዲስኩ ላይ ይለጠፋል። ያን ጊዜ ትራክተሩ ይቆምና አንድ ሰው ከሥር ገብቶ ጭቃውን ይፈነቅላል፤ ጨርሶ ሲወጣ «ሂድ!» ብሎ ይጮኻል። ሞተሩ ጆሮዬን ከበላው ወዲህ እኔ ጩኸት አልጠብቅም። ዳር የቆሙትን ሠራተኞች እጅ አያለሁ፤ እጅ ሲወዛወዝ እነዳለሁ። ትናንትም አወዛወዙ። ነዳሁ። ደሴ ገና ከሥር ነበር።

ሆን ብለው ነው ያወዛወዙት። ይህን ሳሰላስል አድሬ ነው የደረስሁበት። ለይኩን ጋቢናዬን ከተመኘ ቆይቷል፤ እመቤትም ሳታውቅ አትቀርም።

ስለ ጆሮዬ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ጆሮ የሌለውን ሹፌር ማን ይቀጥራል? ሰው ሲሰበሰብ ድምፁ ሁሉ ስለሚደበላለቅብኝ ማኅበር መሄድ ተውሁ፤ ለቅሶም እየቀረሁ ነው። አንዳንድ ቀን መኖሩ ራሱ ያስጠላኛል።

«ና ተቀመጥ» ይሉኛል ሐጂ በእጃቸው እያመለከቱ። ማንም ከኋላዬ እንዳያወራ ጀርባዬን ለምሰሶው ሰጥቼ እቀመጣለሁ።

አንድ ሰው ብቻውን ፊት ለፊቴ ሲናገር አፉን እያየሁ እከተለዋለሁ። ሐጂም ቀስ ብለው ይናገራሉ። «ወላሂ፣ ፈንቴ፣ ፖሊስ ሳይገባበት በሽምግልና እንጨርሰው ብለን ነው። ደሴ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው ብሏል።»

ደሴ የተቀመጠበትን ጀሪካን ጎትቶ ይጠጋኛል። ፊቱ ልጅ ነው።

«አያ ፈንቴ፣ በቀደም ስስቅ በእኔ ነው የምትስቀው ብለህ ተቆጥተኸኝ ነበር። ግን እንዲህ ትጠላኝ ኑሯል? ከሥር ሆኜ ስምህን እየጠራሁ ጮህሁ። ዘጠኝ ሰው ቁም፣ ቁም እያለ እጁን አወዛወዘልህ። እንዴት ጨከንህ?»

ቁም ነው ያሉት። እጆቹ ሁሉ ከራስ በላይ ወጥተው ሲራገቡ አሁን ይታዩኛል። እንዲያ እያራገበ ሂድ የሚል ሰው የለም፤ ሃያ ዓመት የነዳሁ ሰው ይህን ሳትሁ። ሴራ አልነበረም፤ ጆሮዬን ስደብቅ የሰው ልጅ ልፈጅ ነበር።

ሰምቻለሁ ብል ነፍሰ ገዳይ ነኝ። አልሰማሁም ብል ትራክተሩ ቀረ። እመቤትን አያታለሁ። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ታለቅሳለች።

«ንገራቸው» ትለኛለች በከንፈሯ ብቻ።

ታውቅ ኑሯል። አውቃ ሸፍናልኛለች። እኔ ግን ከጠላቶቼ ቆጥሬያት ነበር። አፈርሁ።

«አልሰማሁህም፣ ደሴ» እላለሁ። «ጆሮዬ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ለእንጀራዬ ብዬ ደበቅሁ። ማረኝ።» የትራክተሩን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ሐጂ እግር ሥር አስቀምጠዋለሁ።

አራቱም ባንድ ጊዜ ያወራሉ። ለይኩን ወደ ሐጂ፣ ሐጂ ወደ እመቤት፤ አንዱንም አልይዘው። ደሴ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይላል። ንዴት ይሁን ኀዘን አላውቅም። ልቤ እንደ ልማዱ ክፉ ክፉውን ሊተረጉምልኝ ይቸኩላል።

እጄን ጉልበቱ ላይ አሳርፋለሁ።

«ምን አልህ?» እለዋለሁ። ጆሮዬ ከሄደ ወዲህ ሰውን እንዲህ ብዬ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው።