ስምንት ሺህ ሰባት መቶ አምስት

«ወንዙ ወረደልሽ!» አለ እዮብ። ነጭ ሰሌዳው ላይ ከ61440 ሥር 8705 ጽፎ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አሠመረበት። «ለሐርቡ ሰዎች ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። የአንቺ ፊት ግን አሁንም እንደ ሰማዩ ዳምኗል።»

ፊርደውስ አልሳቀችም። ቦርከና ወንዝ ላይ፣ ከሐርቡ በላይ የተከሉት የውሃ መለኪያ ሥራ ከጀመረ ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው። ከፍታውን በየሩብ ሰዓቱ ይልካል። የሚላከውን የሚቀበለውን ፕሮግራም በሲ ቋንቋ የጻፈችው እሷ ናት።

«መለኪያው የሚልከው በሴንቲ ሜትር ነው። ሰማንያ ሰባት ሜትር የሚደርስ ወንዝ አይተህ ታውቃለህ?»

«መለኪያው ገና አልተስተካከለም ይሆናል። ዋናው መውረዱ ነው።»

ቁጥሩ የመጣባቸውን ሁለት ባይቶች፣ የቁጥሩን ሁለት ግማሾች፣ በጥሬው አወጣቻቸው፤ በኮምፒውተሩ የአሥራ ስድስት አቆጣጠር 01 እና 22። የመለኪያውን መመሪያ ገለጠች። መለኪያው ትልቁን ባይት ያስቀድማል፤ ደሴ ፒያሳ ያለው የቢሯቸው ኮምፒውተር ደግሞ ቀድሞ የመጣውን እንደ ትንሹ ይቆጥራል። ሁለቱንም ቁጥሮች ገልብጦ ነበር ያነበባቸው።

አንድ መስመር ጨመረች፤ የፊተኛው ባይት ወደ ኋላ፣ የኋለኛው ወደ ፊት። አስኬደችው።

61440 ሁለት መቶ አርባ ሆነ። 8705 ሁለት መቶ ዘጠና።

በሩብ ሰዓት ውስጥ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። መለኪያው ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ካለፈ፣ ውሃው ሐርቡ ሲደርስ የግጦሽ ሜዳው ይዋጣል።

«ለማን ነው የደወልከው?»

«ለጋሽ ሙሄዲን። እንግዲያው ልጄ ጣይባ ከብቶቹን ወደ ሜዳው ታውርዳቸው ብለው...»

ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው።

«ጋሽ ሙሄዲን፣ ፊርደውስ ነኝ፣ ከደሴ። ውሃው እየመጣ ነው፤ ጣይባን ይመልሷት!»

«ኧረ ልጄ፣ አሁን ቀነሰ አላላችሁም እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ወላሂ እየመጣ ነው፣ ይጥሯት!»

ሽማግሌው ስልኩን ሳይዘጉ ሮጡ። ትንፋሻቸው፣ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። «ጣይባ!» ምንም የለም። «አንቺ ጣይባ!»

ስክሪኑ ላይ አዲስ ቁጥር ወጣ፤ 315።

«ጣይባ!»

«አቤት!» አለ ቀጭን ድምፅ፣ ከሩቅ።

«ተያቸው! ከብቶቹን ተያቸውና ነይ!»

ፊርደውስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ቆመች። ብዙ ቆየ። ከዚያ የልጅቱ ድምፅ በቅርብ መጣ፣ እየተነጫነጨ፤ «ምነው አባ፣ ላሚቱ እኮ ገና አልጠጣችም...» ከድምፅዋ ጀርባ ነፋስ ያልሆነ ነገር ያጓራ ጀመር። «አባ፣ ከብቶቹ...» አለች ልጅቱ።

እዮብ ጨርቅ አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ።

«ተወው» አለችው።

ቀስቱ ወደ ታች እንዳመለከተ ቀረ።