አልጠፋ ያለችው መስመር

ትርንጎ ከባሏ ዱላ አምልጣ ከደሴ ሐዋሳ ከገባች ወዲህ ስልኳን ቀይራለች፤ ያለችበትንም ለዘመድ እንኳ አልተናገረችም። አንድ ነገር ብቻ አልደበቅ አላት። እዚያው ሐዋሳ የፀጉር ሥራ የተማረችበት ማሠልጠኛ የተመራቂዎቹን ስም ድረ ገጹ ላይ ለጥፎት ኖሯል። ለምና ገጹን አስጠፋችው። ሆኖም ስሟን ጉግል ላይ ለሚፈልግ ሰው «ትርንጎ አየነው፣ ሐዋሳ» የምትል መስመር አሁንም ትወጣለች። መስመሯ ሲነኳት ባዶ ገጽ ነው የምትከፍተው፤ ለባሏ ግን «ሐዋሳ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ትበቃዋለች። ትርንጎ ከኋላዋ ኮቴ በሰማች ቁጥር መንገድ ትቀይር ጀመር።

ሲብስባት ማሠልጠኛው ሄዳ፣ ድረ ገጹን ከምታስተዳድረው ከኤፍራታ ፊት ተቀመጠች።

«እባክሽ እህቴ፣ ይቺን መስመር አጥፊልኝ።»

«ምን ችግር አለው! የተዘጋ ገጽ ከፍለጋው እንዲወጣ ማመልከት ይቻላል» አለችና ኤፍራታ ስሟን ጻፈች። መስመሯ አልመጣችም። ደግማ ጻፈች፤ የለችም።

ትርንጎ ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ አለች። «ተመስገን! በራሷ ጊዜ ጠፋች ማለት ነው?»

«በራሷማ አትጠፋም» ብላ ሳቀች ኤፍራታ። «አሁን ትዝ አለኝ፤ ባለቤትሽ ትናንት መጥተው ለምነውኝ እኔው ነኝ ያስወጣኋት። እዚሁ አንቺ ያለሽበት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ‹እኔ አግኝቻታለሁ፤ ከእንግዲህ ሌላ ሰው እንዳያገኛት› አሉኝ። እንዴት ያለ አሳቢ ባል ሰጠሽ!»