ኪዩቡን ማን ፈታው?

ይታየው እያዟዟሩ ቀለሙን የሚያገጥሙትን ኪዩብ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ያነሳና እንደ ቆመ ይቀራል። ጠዋት ሊያስተምር ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቀለሙ እንደተደበላለቀ ነበር የተወው። አሁን ቀዩ ከቀይ፣ ቢጫው ከቢጫ ጋር ገጥሞ ስድስቱም ገጽ ጥርት ብሏል።

ባለቤቱ ማዕረግ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ቀና አላለችም።

ይህን ዕቃ መፍታት መማር ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል፤ አዟዟሩን በቃሉ ያጠናል። ሁለቱን ረድፍ ይሠራና ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሁሉም ይፈርስበታል። ራቤል ከተማ ውስጥ ዐይኑን ሳያሽ የሚፈታው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙ ነቢዩ። ኪዩቡን የሰጠውም እሱ ነው። ነቢዩ ላጤ ነው፣ ጨዋታ ያውቃል፣ ሞተር ብስክሌትም አለው። ለባለትዳር ከዚህ የከፋ ወዳጅ የለም።

«ዛሬ ማን መጣ?»

«ማን ይመጣል?»

«ነቢዩ ብቅ አላለም?»

«በግ አልታመመብን። ምን ሊያደርግ?»

መልሷ ፈጠነበት። ብትዘገይም መጠርጠሩ አይቀርም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ይላል በሆዱ።

«ይሄ ዕቃ ግን ብቻውን አይፈታም።»

እንዝርቷ ጭኗ ላይ ይወድቃል። ፊቷ ልውጥ ሲል ያያል። ያዝኳት ብሎ ያስባል፤ ወዲያው ደግሞ እውነት እንዳይሆን ይፈራል። ይወዳታል። ከእሷ ውጭ በዚህ ብርድ አገር ማንም የለውም።

«ንገሪኝ፤ አልቆጣም» ይላል እየተቆጣ።

እንዝርቷን ታነሳለች። እጁ ሥራ ቢያጣ ኪዩቡን አንዴ ያዞረዋል። ላዩ ላይ የተለጠፈች አንዲት አረንጓዴ ወረቀት ተላቃ አውራ ጣቱ ላይ ትቀራለች። ከሥሯ የደረቀ ነጭ ነገር አለ። ያሸተዋል።

«የገብስ ሊጥ ነው» ትላለች ማዕረግ። «ማስቲሽ አጥቼ ነው።»

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ይሄ ነገር እቤት ከገባ ወዲህ አንተ ሰው አልሆንክም። ዐይንህን ጨፍነህ ‹ቀኝ ወደ ላይ፣ አናት ወደ ግራ› እያልክ ያንኑ ትደጋግማለህ። በእንቅልፍህ ጣትህ ይንቀሳቀሳል። በስሜ ከጠራኸኝ ራሱ ስንት ጊዜህ? የእናቴ ወንድም ደብተራ ነበሩ፤ ድግምት ሲደገም ምን እንደሚመስል ዐውቃለሁ።»

«ድግምት?»

«የኪዳነምሕረትን ጠበል ሳፋ ላይ ገልብጬ ነከርኩት። ወረቀቱ ሁሉ እየተላቀቀ ተንሳፈፈ። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ለቅሜ እሳት ዳር አደረቅሁና በየመልኩ ለጠፍኩልህ። አንተስ ስትለፋ የከረምከው እንደዚህ እንዲሆንልህ አይደል?»

ይታየው ሳቁ ያመልጠዋል። ደረቱ ላይ ተጭኖት የነበረው ነገር ሁሉ ይወርድለታል። ነቢዩም፣ ሞተሩም፣ ጨዋታ ዐዋቂነቱም ከቤቱ ይወጡለታል። እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

ማዕረግ አትስቅም።

«እኔ የጠረጠርኩት ዕቃውን ነው» ትለዋለች። «አንተስ?»

«እኔማ ምን እጠረጥራለሁ? ማን ፈታው ብዬ ገርሞኝ ነው እንጂ።»

«ማን መጣ ብለህ ስትጠይቀኝ» ትላለች በቀስታ፣ «ዐይንህ አልጋው ላይ ነበር።»