የጣቢያው ፊት

ትርሲት የተከታታይ ድራማው ዋና ተዋናይት ከሆነች ወዲህ ፊቷ የቴሌቪዥን ጣቢያው ንብረት ነው። ግድግዳ ሁሉ በሚቀርጽበት በዚያ ዘመን፣ አንድ ተዋናይ ፊቱ ከስክሪን ውጭ እንዳይታይ ጣቢያው የሚያስለብሰውን ግራጫ ጭምብል በገዛ ቤቱም ቢሆን ካወለቀ ውሉ ይፈርሳል፤ ሌላ ጣቢያም አይቀጥረውም። እሷ የፈረመችው የራሷን ፊልም ለመሥራት የሚያበቃ ስም እስክታገኝ ብላ ነበር። ስሙስ መጣ። እሷ ግን የፊልሟን ድርሰት እያነሳች ትጥላለች፤ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ስትመላለስ ትውላለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ድራማው ሲጀምር የሦስት ዓመት ልጇ ናርዶስ ሮጣ ሄዳ ስክሪኑን ሳመችው።

"እማዬ መጣች" አለች። ከዚያ ወደ ትርሲት ዞራ፣ "ትርስዬ፣ አንቺ ዝም በይ፤ እማዬ ልታወራ ነው" አለቻት።

ባሏ በልሁ ደነገጠ። "ልጅ ናት፣ አትቀየሚያት። ውልሽ ሊያልቅ የቀረው እኮ አንድ ዓመት ነው።"

"ከዓመት በኋላስ ምን ብላ ልትጠራኝ ነው?"

ይህን ብላ ጭምብሉን አወለቀችው። ወዲያው ግድግዳው ላይ ቀይ መብራት በራ፤ የጣቢያው ጥሪም ያለማቋረጥ ይጮህ ጀመር። ናርዶስ ስክሪኑንና እናቷን እያፈራረቀች አየች። ፈራ ተባ እያለች ወደ እናቷ ቀረበችና ጉንጯን ዳሰሰችው።

"እርጥብ ነው" አለች፣ ጣቷን እያየች።

በልሁ ጥሪውን ዘጋው። "እሺ፣ አሁን ምን ልናደርግ ነው?"

ትርሲት ልጇን አቅፋ ወደ መስኮቱ አስጠጋቻት።

"አሮጌውን ካሜራዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርድልኝ" አለችው፣ "ፀሐይዋ ሳትጠልቅ።"