በጾም የጠፋው እንቁላል

ይኸው ጥምጣሜን አውልቄ እምላለሁ፤ ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ሐሰት ብትሆን ነገ ከዚህ መደብ አያንሳኝ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወዲህ ጣሰው የሚባል ገበሬ ነበር። እሱ ሲፎክር የእስቴ ዝናብ ያባራል፣ የጋይንት ውሻ ጭራውን ይቆልፋል። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም፤ ነብር በላው ይላል፤ የነብሩንም ቁመት በየዓመቱ አንድ ክንድ ይጨምርበታል።

ሲያለቅስ ያየው ሰው የለም። የአራት ዓመት ልጁን ኩፍኝ የወሰዳት ጊዜ አልቃሿ ድንጋይ የሚያስለቅስ ሙሾ አወረደች። ድንጋዩም አለቀሰ። ጣሰው ግን ጦሩን ተመርኩዞ ቆመ። ከቀብር መልስ «በሬዎቹን ልይ» ብሎ በረት ገባና እስኪመሽ ቆየ። ሚስቱ ጌጤ ልትጠራው እስከ አጥሩ ሄዳ ሳትጠራው ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ ወሬ አነሰ።

የአጥቢያው ሚካኤል በታደሰ ጊዜ ቀለመ ወርቅ የሚባል ሰዓሊ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም መጣ። ጣቱ እንደ ሰንበሌጥ የቀጠነ፣ ሲያዜም ንብ ከነቀፎው የሚከተለው ጎልማሳ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ጎጆ ሰጡት። ሥዕሉን አቡጄዲ ላይ ሥሎ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል፤ መጋረጃው የሚገለጠው ለሰኔ ሚካኤል ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹ የተከራከሩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዶሮ ሲጮህ የሚያለቅሰውን ጴጥሮስን ተወው፣ ወንድ ልጅ ግድግዳ ላይ አያለቅስም አሉት። እሱም እንኳን በግድግዳ፣ በምድራችሁም የሚያለቅስ ወንድ አጣሁ ብሎ አሳቃቸው።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ የጣሰው ዶሮዎች እንቁላል ይጠፋ ጀመር። ሸለመጥማጥ ነው ብሎ ሦስት ቀን አደባ። በአራተኛው ቀን ጎረቤቱ ይርጋ አጥር ተደግፎ፣

«ሸለመጥማጡስ ነጠላ ለብሶ ወደ ሰዓሊው ሲሄድ አየሁት» አለው።

«በጾም? እንቁላል?»

«ቀለም ይለውስበታል አሉ። ቀለም ብቻ ከሆነ።» ይርጋ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሰገገ። «ብቻ ወንድሜ፣ በሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ነው። እሷን በሁለት ዓይን መግደላዊት አድርጎ፣ አንተን በአንድ ዓይን ይሁዳ እንዳያደርግህ።»

ቅናት እንደ ምች መታው። ሲያርስ ትልሙ እየጠመመ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል። የሰዓሊው ዜማ በነፋስ ሲመጣ በሬዎቹን ይሰድባል። ወንድ ነውና ለማንም አልነገረም፤ የነገረው ለበሬዎቹ ብቻ ነው፤ እነሱም ከስተው አጥንታቸው ወጣ።

አንድ ረፋድ ሚስቱን ተከትሎ ሄደና በጎጆው ስንጥቅ አጮለቀ። ወሬያቸው አይሰማም፤ ግን ይታያል። ጌጤ የግራ ጆሮዋን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። ቀጥላ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሰዳ፣ እንደ ታጨች ልጃገረድ፣ ነከሰችው። ሰዓሊው ብሩሹን አስቀምጦ አፍጥጦ አያት። ለጣሰው በሠርጋቸው ቀን እንኳ ነጠላ አልነከሰችለትም።

እራት ሳይበላ ጠበቃት።

«ሰዓሊው ፊትሽን እየሣለው ነው?»

«የኔን ፊት ምን ሊያደርግበት።»

«ስሚኝ ጌጤ። በዚያ ግድግዳ ላይ ከዚህ ቤት የወጣ ፊት ባይ፣ ሰማንያችን በዚያው ዕለት ፈረሰ።»

ጌጤ ልጇ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«እንግዲያስ መጥተህ እየው» አለችው።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ጣሰው ጦሩን ደጀ ሰላም አስቀምጦ፣ ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ ከመጋረጃው ፊት ቆመ። ጌጤ ከሴቶቹ በኩል ታየዋለች። ካህኑ መጋረጃውን ገለጡት። መግደላዊትን ፈለጋት፤ የማያውቃት ሴት ናት። ይሁዳን ፈለገው፤ አንድ ዓይን አለው፣ አፍንጫው የይርጋን ይመስላል፣ ጆሮው ግን ሙሉ ነው። ደስ ሊለው ሲል ዓይኑ ከጥጉ፣ ከዶሮው ሥር ወደቀ።

ጴጥሮስ ከበረት አጥር ሥር ተቀምጧል። ሁለቱም ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። ድምፁ እንዳይሰማ የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጎስጉሷል። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም።

እውነቱን ለመናገር፣ አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬአለሁ፤ የሰውዬው ስም ጣሰው አይደለም። ምነው፣ ሁላችሁም ጆሮዬን ታያላችሁሳ?