የመጀመሪያው ጆባ

ሱሮማ ተክሎቿን ወደምታሳድግበት ጠፍጣፋ ጣሪያ ስትወጣ የጆባ አበባዋ የለም። ትናንት ሲመሽ ሊፈነዳ ደርሶ የነበረው እምቡጥ ተቀጥፏል፤ የቀረው ጥፍር ያረፈበት አጭር ጉቶ ነው።

ቢጫ ጆባን ከሐምራዊ አዳቅላ፣ ከዘር አስነስታ፣ ሁለት ዓመት ያሳደገችው ተክል የያዘው እምቡጥ ይኸው አንዱ ብቻ ነበር። ጆባ ደግሞ ፈክቶ የሚውለው አንድ ቀን ነው። በዓመት አንዴ ከካልካታ የሚመጡት የአበባ ማኅበሩ ዳኛ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ አበባውን ከተክሉ ሳይቀጠፍ አይተውት አዲስ ዝርያ ብለው በስሟ ሊመዘግቡላት ነበር። ስሟ ከሠርግ ጥሪዋ በቀር የትም ታትሞ አያውቅም።

በዚህ ሰፈር ጎህ ሲቀድ ቅርጫት ይዞ ከሰው አጥር አበባ መልቀም ነውር የለውም። ለጸሎት ነው ከተባለ ባለቤቱም ዝም ይላል። ግን ጣሪያ ድረስ ማን ይወጣል? ሁለቱን ጣሪያዎች ከምትለየው አጭር ግንብ ወዲያ ያለችው ጎረቤቷ ካጆል ብቻ ናት። ዛሬ እንደሚፈካ የምታውቀውም እሷው ብቻ ናት።

ሱሮማ ግንቡን ተሻግራ በካጆል ደረጃ ወረደች። ካጆል ‹እናታችን› በምትላት አምላክ፣ በካሊ ምስል ፊት ተቀምጣ ደወል ታቃጭላለች። ከምስሉ እግር ሥር ከተከመሩት ቀያይ ጆባዎች መካከል አንዱ ቀይ አይደለም።

«ዲዲ፣ እህት ዓለም፣ መጣሽ? አረፍ በይ፣ ልጨርስ ነው።»

«በራፍሽ ላይ ቀዩ ሞልቶ ተርፎ፣ የኔን?»

«ለእናታችን የተቀጠፈ ተሰረቀ አይባልም። ከሷ ጋር ልትጣዪ ነው እንዴ?»

«እሷን ተያት! ዳኛው ዛሬ እንደሚመጡ ጠፍቶሽ ነው?»

ካጆል ደወሉን አስቀመጠች። «አልጠፋኝም። ክረምቱን ሙሉ ታመሽ ስትተኚ ማን ተንከባከበው? ትሉን በጣቱ የለቀመው ማን ነው? ‹የሱሮማ ጆባ› አሉ! ጎሽ! እኔ የት ገባሁ?»

ሱሮማ እንደ እናቷ ልጅ ያመነቻት ሴት ናት።

«አንድ ቃል ብትተነፍሺ ኖሮ፣ ስምሽን ከስሜ አስቀድሜ አስጽፈው ነበር» አለቻት።

ካጆል ጸሎቷን ጨረሰች። ጸሎት ሲያበቃ ለመጣ ሰው ከቀረበው አበባ ቡራኬ ማካፈል ግድ ነው። እጇ ወደ ቀዮቹ ሄደ፤ ከዚያ ምን እንደታያት እንጃ፣ ከሱሮማ ጆባ አንድ የአበባ ቅጠል ቀንጥሳ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ ዘረጋችላት።

ቡራኬ እምቢ አይባልም። ሱሮማ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ተቀበለች፤ ግንባሯንም አስነካችው። ከዚያ መዳፏን ከፍታ አየች። ዳሩ ብርቱካንማ ነው፣ ወደ ሥሩ ሲወርድ ሐምራዊ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ዓይነት ቀለም ይሆን ስትል ኖራለች።